ቪሲዲ፣ ዲቪዲ፣ ብሉ-ሬይ ወይስ ፍላሽ? ጎንደር ሆኖ ፊልም ለሚሰበስብ ሰው የተዘጋጀ ንጽጽር

ሁሉንም «ሲዲ» እያልን ነው የምንጠራው። ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብቶ «የፊልም ሲዲ አላችሁ?» ያለ ሰው ቪሲዲም፣ ዲቪዲም፣ ባዶ ዲስክ ላይ በርን የተደረገ ቅጂም ሊሰጠው ይችላል። ሁሉም ስፋታቸው 12 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መሀላቸው ያለው ቀዳዳም አንድ ነው። ልዩነታቸው የሚወጣው ቤት ተገብቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ሰው ሁሉ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። አንዱ መሀል ላይ ቆሞ ሁለተኛውን ዲስክ ጨምሩ ይላል፤ አንዱ ባለ ቀለሙን ፊልም ጥቁርና ነጭ አድርጎ ያመጣል፤ ሌላው ስለ «ሪጅን» አንድ መስመር ጽፎ ጭጭ ይላል።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ጎንደር ላለ ሰብሳቢ የስብስቡ ዋልታና ማገር ዲቪዲ ነው። ብሉ-ሬይ ለተመረጡ ጥቂት ፊልሞች ይገባል። የፎርኬ (4K) ዲስክ ለብዙው ቤት ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል። ቪሲዲ በጥራት ከሁሉም የመጨረሻው ነው፤ ሆኖም አማርኛ ፊልም የያዘ ኦሪጅናል ቪሲዲ እጅዎ ከገባ ከየትኛውም ብሉ-ሬይ በፊት እሱን ይያዙ። ምክንያቱን ወደ ታች እንደርስበታለን።

ዲስኩ ምን ያህል ይይዛል?

ቪሲዲ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ ናቸው)። በተራ ሲዲ ላይ የሚጻፍ ሲሆን ምስሉ 352 በ288 ነጥብ (ፒክሰል) ነው፤ አንድ ዲስክ 74 ደቂቃ፣ ቢበዛ 80 ደቂቃ ይይዛል። ዲቪዲ በ1996 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ምስሉን ወደ 720 በ576 አሳደገው፤ ባለ አንድ ንብርብሩ 4.7 ጊጋባይት፣ ባለ ሁለት ንብርብሩ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል። ብሉ-ሬይ በ2006 መጣ፤ 1920 በ1080፣ 25 ወይም 50 ጊጋባይት። የፎርኬው ዲስክ በ2016 ተከተለ፤ 3840 በ2160፣ እስከ 100 ጊጋባይት። በነጥብ ብዛት ሲሰላ ዲቪዲ የቪሲዲን አራት እጥፍ፣ ብሉ-ሬይ የዲቪዲን አምስት እጥፍ፣ ፎርኬ ደግሞ የብሉ-ሬይን አራት እጥፍ ያሳያል።

የነጥብ ብዛት ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ለእያንዳንዱ ሰከንድ ስንት መረጃ ደረሰ የሚለው ነው። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ የሠራውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በምሳሌነት እንውሰድ። ርዝመቱ 150 ደቂቃ ነው። ባለ 74 ደቂቃ ሁለት ቪሲዲ 148 ደቂቃ ይይዛል፤ ሁለት ደቂቃ ከውጭ ቀረች። ይህን ያህል ርዝመት ያለው ፊልም ቪሲዲ ላይ ሲገባ ወይ ሦስተኛ ዲስክ ይጨመራል፣ ወይ የመጨረሻው የስም ዝርዝር ይቆረጣል። ይኸው 150 ደቂቃ 4.7 ጊጋባይት ላይ ሲገባ ለምስልና ለድምፅ በሰከንድ 4.2 ሜጋቢት ገደማ ይደርሰዋል፤ 8.5 ላይ 7.5፤ ባለ 25ቱ ብሉ-ሬይ ላይ 22።

ቁጥሩ ዓይን ላይ እንዴት ይታያል? ፊልሙ በ16 ሚሊ ሜትር ጥሬ ፊልም፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። እንዲህ ያለ ፊልም ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚንቀጠቀጥ ነገር አለ፤ ያ የጥሬ ፊልሙ የራሱ ፍሬ እንጂ ብልሽት አይደለም። መረጃ ሲያንስ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው። ጨለማ ያለበት ትዕይንት ላይ አሸዋው ይጠፋና ግድግዳው፣ ሰማዩ፣ የሰው ጉንጭ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይለወጣል። ለዚህ ነው «የድሮ ፊልም ስለሆነ ዲቪዲ ይበቃዋል» የሚለው አነጋገር የማያስኬደው። በ35 ሚሊ ሜትር የተቀረጸ የ1950ዎቹ ፊልም ዲቪዲ ላይ ከሚያርፈው በላይ ብዙ ዝርዝር በጥሬው ላይ አለው፤ ብሉ-ሬይ ቢገዛለት ያስመሰግናል። በአንጻሩ በቪሲዲ ዘመን በዲጂታል ቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹት ብዙዎቹ አማርኛ ፊልሞች ከመነሻቸው ከዲቪዲ የበለጠ ምስል የላቸውም። እነሱን ብሉ-ሬይ ላይ ማድረግ አንድ ጣሳ ጤፍ በኩንታል ከረጢት እንደመያዝ ነው።

ሱቅ ውስጥ «8 በ1» ተብሎ ስለሚሸጠው ዲስክም አንድ ነገር እንበል። 4.7 ጊጋባይት ለስምንት ሲካፈል ለአንዱ ፊልም 0.59 ጊጋባይት ይደርሰዋል። ፊልሙ 100 ደቂቃ ከሆነ በሰከንድ 0.8 ሜጋቢት እንኳ አይሞላም፤ ቪሲዲ እንኳ ለምስሉ ብቻ 1.15 ይሰጣል። አጨማመቁ ከቪሲዲው የዘመነ ስለሆነ በትንሽ ስክሪን ላይ ያስኬድ ይሆናል፤ ተሰብስቦ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነገር ግን አይደለም።

ከመግዛት በፊት ሜትር ይያዙ

ብሉ-ሬይ ይሻላል አይሻልም የሚለውን የሚወስነው ሶፋው ነው። ጤነኛ ዓይን ከተወሰነ ርቀት በላይ ነጥብን ከነጥብ አይለይም። በዚህ ስሌት 32 ኢንች ቴሌቪዥን ፊት 2.4 ሜትር ገደማ ርቆ የተቀመጠ ሰው ጥሩ ዲቪዲ የሚሰጠውን ዝርዝር ሁሉ አይቶ ጨርሷል፤ ብሉ-ሬይ ቢያስገባ በዝርዝር የሚጨምርለት ኢምንት ነው። በ43 ኢንች ይህ ድንበር ወደ 3.2 ሜትር፣ በ55 ኢንች ወደ 4 ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ሳሎኑ ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኑ 3 ሜትር ከሆነና ቴሌቪዥኑ 55 ኢንች ከሆነ ብሉ-ሬይ ፊት ለፊት ይታያል፤ 32 ከሆነ አይታይም። ፎርኬን በዝርዝሩ ለመጠቀም ደግሞ 55 ኢንች ፊት በ1 ሜትር ከምናምን መቀመጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ርቆ የሚቀረው የፎርኬ ጥቅም የብርሃንና የቀለም ስፋቱ ነው፤ እሱንም ለማየት ቴሌቪዥኑ ኤችዲአር የሚባለውን ይህን ሰፊ ብርሃንና ቀለም በእርግጥ የሚያበራ መሆን አለበት። ካርቶኑ ላይ «ኤችዲአር» ተብሎ መጻፉ ብቻ አይበቃም።

ብዙዎቹ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች 1366 በ768 መሆናቸውንም ልብ ይበሉ። እንዲህ ባለው ላይ ብሉ-ሬይ ከነጭራሹ ሙሉ ምስሉን አያወጣም።

ገመዱም ስክሪኑን ያህል ይወስናል። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው የኤቪ ገመድ የዲቪዲን ምስል ያደበዝዛል፤ የቀለም ጠርዞች ይደማሉ፣ ቀጭን ጽሑፍ ይርገበገባል። ማጫወቻው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለው ብሉ-ሬይ ከመመኘት በፊት አንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ይግዙ። በብዙ ቤት «ዲቪዲ አይረባም» የተባለው በቢጫው ገመድ ጥፋት ነው። ገመዱን ከቀየሩ በኋላ ምስል መጥቶ ድምፅ ከቀረ ማጫወቻው አልተበላሸም፤ የድምፅ ሜኑ ውስጥ «ቢትስትሪም» ወይም «ራው» የሚለውን ወደ «ፒሲኤም» ይለውጡት። ቴሌቪዥኑ ያልገባውን ዓይነት ድምፅ እየላከ ስለነበር ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዲስክ፦ ሪጅን፣ ፓልና ቮልት

ጎንደር ውስጥ ኦሪጅናል የውጭ ፊልም የሚገባው ባመዛኙ በሰው ሻንጣ ነው፤ በተለይ በጥምቀት ሰሞን። ችግሩ ያለውም እዚያው ሻንጣ ውስጥ ነው።

ሪጅን ማለት ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ ላይ እንዲሠራ እንደተቆለፈ የሚናገር ምልክት ነው። በዲቪዲ አከፋፈል ኢትዮጵያ ሪጅን 5 ነች። አሜሪካ 1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ 2፣ ህንድ እንደኛው 5። በብሉ-ሬይ ግን ካርታው ሌላ ነው፤ አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ አንድ ላይ ሪጅን ቢ ናቸው፣ አሜሪካና ጃፓን ኤ፣ ህንድና ቻይና ሲ። ከዚህ የሚወጣው ነገር ይገርማል፤ ለዲቪዲ የተስማማን የህንድ ዲስክ ለብሉ-ሬይ አይስማማንም፣ ከለንደን የሚመጣው ብሉ-ሬይ ደግሞ ልክ ይገጥማል። ጀርባው ላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሦስቱም ፊደል ያለበት ብሉ-ሬይ የትም ይሠራል። የፎርኬ ዲስክ ሪጅን የለውም፤ ከሱ ጋር በአንድ ካርቶን የሚመጣው ተራ ብሉ-ሬይ ግን ሊኖረው ይችላል።

ርካሹ የቻይና ዲቪዲ ማጫወቻ እዚህ ላይ ከውዱ ይበልጣል፤ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም ሪጅን ያነባል። ብሉ-ሬይ ማጫወቻ ግን ዲቪዲውን በሁሉም ሪጅን እያነበበ ብሉ-ሬዩን ሊከለክል ስለሚችል ሁለቱን ለየብቻ ይጠይቁ። የኮምፒውተር ዲቪዲ ድራይቭ ሪጅን እንዲቀየር ሲጠይቅዎ ዝም ብለው «እሺ» አይበሉ። የሚቀየረው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ በአምስተኛው የነበረበት ላይ ይቆልፋል።

ጥቁርና ነጭ ስለሚሆነው ምስል እንመለስ። የአሜሪካ ዲቪዲ ኤንቲኤስሲ፣ የአውሮፓው ፓል በሚባል የቴሌቪዥን ምስል ሥርዓት ይጻፋል። በኤቪ ገመድ ከቆየ ቴሌቪዥን ጋር የተያያዘ ማጫወቻ ኤንቲኤስሲ ሲልክ ፓል ብቻ የሚያውቀው ቴሌቪዥን ቀለሙን ይጥለዋል፣ ወይም ምስሉ ወደ ላይ ይንከባለላል። መፍትሔው ሪሞት ላይ ነው፤ «ፓል/ኤንቲኤስሲ» የሚል ቁልፍ ካለ ይጫኑት፣ ከሌለ ሴትአፕ ገብተው የቴሌቪዥን ዓይነትን «ፓል» ያድርጉ። በኤችዲኤምአይ ይህ ጣጣ እምብዛም የለም።

ፓልና ኤንቲኤስሲ ሁለቱም በሚገኙበት ፊልም የትኛው ይሻላል? ፓሉ 576 መስመር፣ ኤንቲኤስሲው 480 ስለሆነ ፓል የጠራ ምስል አለው። ነገር ግን በሰከንድ 24 ፎቶ የተነሣውን ፊልም በ25 ስለሚያጫውተው በ4 በመቶ ያፈጥነዋል፤ የ120 ደቂቃው ፊልም በ115 ያልቃል፣ ድምፁም ካልታረመ በትንሹ ይቀጥናል። ተራ ተመልካች አይሰማውም፤ ሙዚቃ ጆሮ ያለው ሰው ዘፈን በበዛበት ፊልም ላይ ይሰማዋል። ብሉ-ሬይ ፊልሙን በራሱ በ24 ያስኬዳል።

ቮልት ላይ ቀልድ የለም። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካ 120። ከዳላስ የመጣ ማጫወቻ ጀርባ ላይ «100–240» ካልተጻፈና «120» ብቻ ካለ፣ ሶኬቱ በአዳፕተር ስለገጠመ ብቻ ቢሰካ ፊውዙ ቢተርፍ እንኳ ኃይል አቅራቢው ይቃጠላል። አዳፕተር የሹካውን ቅርጽ ይለውጣል እንጂ ቮልቱን አያወርድም፤ የሚያወርደው ትራንስፎርመር ነው።

የትኛው ማጫወቻ?

ቤት ውስጥ ቪሲዲና ዲቪዲ ካለ ኤችዲኤምአይ ያለው ተራ ዲቪዲ ማጫወቻ ይበቃል። ከመግዛትዎ በፊት ሱቁ ውስጥ በሦስት ዲስክ ይፈትኑት፤ በኦሪጅናል ዲቪዲ፣ በርን በተደረገ ዲቪዲና በአንድ ጫር ጫር ባለ ቪሲዲ። ሌንሱ የደከመ ማጫወቻ ኦሪጅናሉን አንብቦ በርን የተደረገው ላይ ይንተፋተፋል፤ በርን የተደረገ ዲስክ የሚመልሰው ብርሃን ደካማ ስለሆነ ነው። ያገለገለ ማጫወቻ ሲገዙ ይህ ፈተና ግዴታ ነው።

ብሉ-ሬይ ለመጀመር ግን ሌላ መንገድም አለ። የጌም መጫወቻዎቹ ፕሌይስቴሽን 3 እና 4 ብሉ-ሬይም ዲቪዲም ያጫውታሉ። ፕሌይስቴሽን 4 ዲስክ ከማጫወቱ በፊት አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ መከፈት ይፈልጋል፤ ሲዲና ቪሲዲም አያነብም። ዲስክ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ዋን ኤስ የፎርኬ ዲስክም ይችላሉ። ልጆች የሚጫወቱበት እንዲህ ያለ ዕቃ ቤት ውስጥ እያለ ሌላ ማጫወቻ መግዛት ብክነት ነው።

ብቻውን የሚሠራ ብሉ-ሬይ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛ፣ አምራቾች እየለቀቁ ነው፤ ኦፖ በ2018 ወጣ፣ ሳምሰንግ በ2019 ለአሜሪካ ገበያ አዲስ ማውጣት ማቆሙን ተናገረ። ሌንሱ ሲሞት የሚቀየር ዕቃ ማግኘት ከዓመት ዓመት ይከብዳል። ሁለተኛ፣ የብሉ-ሬይ ቁልፍ (ዲስኩን ከመቀዳት የሚጠብቀው መቆለፊያ) ይታደሳል፤ በ2010 የተሠራ ማጫወቻ ዘንድሮ የወጣን ዲስክ «አላውቀውም» ሊል ይችላል። ያኔ የአምራቹን ማደሻ በፍላሽ አውርዶ መጫን ነው። ማደሻው አሁንም የሚገኝለት ሞዴል መሆኑን ሳያጣሩ አሮጌ ብሉ-ሬይ ማጫወቻ አይግዙ። ለፎርኬ ማጫወቻ ደግሞ የቴሌቪዥኑ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ኤችዲሲፒ 2.2 የሚባለውን መቆለፊያ ካላወቀ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል፣ ወይም የምስሉ ጥራት ይወርዳል።

መብራት ሲሄድ

መብራት ሲጠፋ ዲስክ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሲመለስ ነው። ሲመጣ ከፍ ዝቅ ስለሚል መብራቱ እንደሄደ ማጫወቻውንም ቴሌቪዥኑንም ይንቀሉ፤ ተመልሶ አምስት አሥር ደቂቃ ከረጋ በኋላ ይሰኩ። ዲቫይደር ላይ ያለችው ቀይ መብራትና ማብሪያ ማጥፊያ መከላከያ አይደለችም። ስታቢላይዘር ካለ እሰየው።

ዲቪዲ እዚህም ላይ ያተርፋል። ተራ ማጫወቻ የሚበላው አሥር ዋት ገደማ ነው፤ በ12 ቮልት አዳፕተር የሚሠራም አለ፣ እሱ ከሶላር ባትሪ ጋር ይስማማል። ፊልሙ መሀል ላይ ከተቋረጠ ዲቪዲ ላይ በሪሞቱ «ሰርች» ወይም «ጎቱ» ደቂቃውን ጽፎ መሄድ ይቻላል። ብሉ-ሬይ ላይ ብዙ ዲስኮች ከማስታወቂያውና ከሜኑው ይጀምራሉ፤ ለመጫን የሚፈጀው ጊዜ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ሳምንት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሲገዙ የሚታይ፣ ሲያስቀምጡ የሚጠበቅ

ዲስኩን ገልብጠው በብርሃን ይዩት። ፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ ጀርባው ብርማ ነው፤ በርን የተደረገው ወደ ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ይመታል። በመሀሉ ቀዳዳ ዙሪያ በደቃቁ የተቀረጸ ቁጥርም ይፈልጉ። ሽፋኑ ቢያምር ጀርባው ወይን ጠጅ ከሆነ ኦሪጅናል አይደለም፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይነጋገሩ። ሲሞክሩት መጀመሪያውን አይዩ። ባለ አንድ ንብርብር ዲስክ ከመሀል ወደ ዳር ነው የሚነበበው፣ ጣትና ጭረት የሚበዛው ዳር ላይ ነው፤ ስለዚህ አፍጥነው የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ይዩ። ባለ ሁለት ንብርብሩ ደግሞ ዳር ደርሶ ወደ መሀል ይመለሳል፤ መሀል ላይ ለአፍታ ቀጥ ቢል ንብርብር እየለወጠ ነው፣ አይደንግጡ።

ጭረት ሁሉ እኩል አይደለም። ከመሀል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ የተሰመረ ጭረት ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ እያንዳንዱን ዙር በጥቂቱ ብቻ ስለሚነካ ማጫወቻው ጎዶሎውን አስልቶ ይሞላዋል። ዙሪያውን ተከትሎ የሄደ ጭረት ግን ተከታታይ መረጃ ይበላል። ስለዚህ ሲያጸዱም በክብ አይጥረጉ፤ ከመሀል ወደ ዳር ቀጥ አድርገው ነው። በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ እጅጌ ማሸት አቧራውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ዲስኩ ላይ መጎተት ነው። ለብ ባለ ውኃና በአንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና አጥበው በመነጽር ጨርቅ ያድርቁ። የጥርስ ሳሙና ቪሲዲና ዲቪዲ ላይ ቀላል ጭረትን አለስልሶ ሊያስነብብ ይችላል፤ ብሉ-ሬይ ላይ ግን በፍጹም። የብሉ-ሬይ መረጃ ከላዩ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የራቀው፤ የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለው ጠንካራ ቅብ ስለሆነ እሱን ከፈገፈጉት ዲስኩ አበቃ።

ቪሲዲ ላይ የሚያሳስበው በተቃራኒው በኩል ነው። መረጃው ያለው ከጽሑፉ ስር፣ ከስስ ቅብ በታች ነው። በጽሑፉ በኩል ወደ ብርሃን ይዘው ሲያዩት እንደ ወንፊት ብርሃን ካሳለፈ፣ ያ ቦታ ተልጦ ሄዷል፤ ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ ዲስክን በጽሑፉ በኩል ጠረጴዛ ላይ መድፋት ለዲቪዲ ምንም አይደለም፣ ለቪሲዲ ግን ይገድለዋል። የዲቪዲ መረጃ በሁለት 0.6 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ መሀል ስለተቀበረ ነው።

ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ለዲስክ ደግ ነው። ሁለት ጠላት ግን አለ። አንዱ የበጋው አቧራ፣ ሁለተኛው የክረምቱ እርጥበት። በድንጋይ ወይም በጭቃ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መደርደሪያ በሐምሌና በነሐሴ የወረቀት ሽፋኑን ያሻግተዋል፤ ከግድግዳው አራት ጣት ያህል ያርቁት። ከቆርቆሮው ጣሪያ ስር ያለው የላይኛው መደርደሪያም በመጋቢትና በሚያዝያ ስለሚግል በርን የተደረገ ዲስክ እዚያ አያስቀምጡ። ማጫወቻውን ደግሞ ከረከቦቱ ያርቁ። የዕጣንና የከሰል ጭስ ሌንሱ ላይ ስስ ቅባት ይተዋል፤ «ዲስክ የለም» ማለት የጀመረ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ በሽታው ይኸው ነው።

አማርኛው ቪሲዲ

የውጭ ፊልም ዛሬ ባይገዛ ነገ ይገኛል፤ ተሻሽሎም ይታተማል። በቪሲዲ ብቻ የወጣ አማርኛ ፊልም ግን ሱቁ ወደ ፍላሽ ከዞረ፣ ቀሪው ቅጂም ከተጫረ በኋላ የት ይገኛል? ለብሉ-ሬይ እያጠራቀሙ መሳቢያ ውስጥ ያለውን ቪሲዲ ማስበላት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

መሞቱም ቶሎ ነው። ቪሲዲ 74 ደቂቃ የያዘው ስህተት ማረሚያውን ቆርጦ ነው፤ ተራ የመረጃ ሲዲ በአንድ ክፍል 2,048 ባይት ጽፎ የቀረውን ለማረሚያ ሲተው፣ ቪሲዲ ለምስሉ 2,324 ይጽፋል። ዶክመንት ያለበት ሲዲ የሚታገሠውን ጭረት የፊልሙ ቪሲዲ አይታገሠውም።

ለማዳን ዲስኩን አጥበው ኮምፒውተር ላይ ያስገቡ። «ኤምፔግ ኤቪ» የሚል ፎልደር ውስጥ በ«ዳት» የሚያልቅ ትልቅ ፋይል አለ፤ እሱን ኮምፒውተሩ ውስጥ ወዳለው ሃርድ ዲስክ ይቅዱ። መሀል ላይ ከተቋረጠ ተስፋ አይቁረጡ፤ ሌላ ድራይቭ ላይ ይሞክሩ። አንዱ ያልቻለውን ሌላው ያነባል፤ የዴስክቶፑ ትልቁ ድራይቭ ከላፕቶፑ ስስ ድራይቭ የሚሻልበት ጊዜ አለ። በዩኤስቢ የሚሰካ ድራይቭ ከሆነ ኃይል እንዳያንሰው በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰኩት እንጂ በሃብ አይሁን። ካልሆነ የተጎዳውን ቦታ እየዘለለ የሚቀዳ እንደ አይሶባስተር ያለ ፕሮግራም አለ፤ ጥቂት ሰከንድ ይጎድላል፣ ፊልሙ ይተርፋል። ፋይሉን ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ከፍተው መጨረሻውን ያረጋግጡ፣ የፊልሙን ስም፣ ዓመቱንና የዲስኩን ቁጥር ጽፈው ያስቀምጡ። ቴሌቪዥኑ «ዳት»ን ካላወቀው የቅጂውን ቅጥያ ወደ «ኤምፒጂ» መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል። እንደገና አጨምቆ «ኤችዲ» ማድረግ ግን የሌለ ዝርዝር አይፈጥርም፤ ያለውንም ይቀንሳል። ቅጂው ለራስ ነው፤ አባዝቶ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የተከለከለ ነው።

ፍላሽስ?

ለማየት ፍላሽ ከሁሉም ይቀላል፤ ለማኖር ግን ከሁሉም ይከፋል፤ ሳያስጠነቅቅ ይሞታል። የተቀዱ ፊልሞች በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ይቀመጡ፣ አንዱ ሌላ ቤት። ሶኒ በ2025 መጀመሪያ ባዶ ብሉ-ሬይ ማምረት ስላቆመ ወደዚያ ለመቅዳት የሚያስቡ ከሆነ አስቀድመው ዕቃውን ያግኙ።

ፍላሽ አልሠራም ሲል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። ብዙ ዲቪዲ ማጫወቻዎች የሚያነቡት ፋት32 በሚባለው የፎርማት ዓይነት የተዘጋጀ ፍላሽ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ሁለተኛ፣ የቆየ ዲቪዲ ማጫወቻ ኤምኬቪ የሚባለውን የፊልም ፋይል ዓይነት አያውቅም፤ ያኔ ፍላሹን በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰኩ። አማርኛ የግርጌ ጽሑፍ በባዶ ሳጥን ከመጣም መሣሪያው የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ዲስክ ላይ ይህ አያጋጥምም፤ የዲቪዲና የብሉ-ሬይ የግርጌ ጽሑፍ በሥዕል መልክ የተቀመጠ ስለሆነ በየትኛውም ፊደል እንደተጻፈ ይወጣል።

የጥር 11 እንግዳ ሻንጣ ሳያስር የሚላክለት መልእክት ይህን ያህል ቢሆን ይበቃል፦ «ብሉ-ሬይ ከሆነ ሪጅን ቢ ወይም ኤቢሲ፤ ዲቪዲ ከሆነ የትኛውም ይሁን። ማጫወቻ ከሆነ ጀርባው ላይ 100–240 የሚል ይኑር። ዲስኮቹን ከካርቶናቸው አውጣና በወረቀት ኪስ አድርገህ መሀል ልብስ ውስጥ ክተታቸው፤ ሽፋኑን ወረቀት ብቻ አጥፈህ አምጣ፣ ባዶውን ካርቶን እዚህ እናገኛለን።» አንድ ዲስክ ብቻውን 16 ግራም ገደማ ነው፤ ሻንጣውን የሚያከብደው ካርቶኑ ነው።